ድረ ገጽ ሠሪ ዋስ ነው

በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ፤ ደባርቅ



ዘንድሮ መምህራችን «ትምህርታችሁን ስትፈጽሙ ምን ለመሆን ታስባላችሁ?» ብለው በጠየቁን ጊዜ ሐኪም፣ መሐንዲስ፣ አውሮፕላን አብራሪ የሚል መልስ ከየወንበሩ ተሰማ። ተራው ደርሶኝ «እዚሁ ደባርቅ ተቀምጬ ድረ ገጽ መሥራት እሻለሁ» ባልሁ ጊዜ ግን ክፍሉ በሣቅ ተሞላ። አንድ ጓደኛዬማ «በዚህ ብርድ አገር ድረ ገጽ የሚያሠራህ ማን ነው? ጭላዳ ነውን?» ሲል ቀለደብኝ። እኔም አብሬ ሣቅሁ። ነገር ግን ከቀልዱ በስተኋላ ሁለት የተሳሳቱ አሳቦች ተሸሽገው ስለ ታዩኝ ይህን አስተያየት ለመጻፍ ተነሣሣሁ። አንደኛው፣ ይህ ሙያ የትልቅ ከተማ ሙያ ብቻ ነው የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ ድረ ገጽ መሥራት ማለት ሥዕልና ቀለም ማሳመር ነው የሚለው ነው። በበኩሌ ድረ ገጽ ሠሪ ከሁሉ አስቀድሞ ዋስ ነው ብዬ አምናለሁ። ዋስነቱም እንደ እኛ ባለች ትንሽ የተራራ ከተማ ከሌላው ቦታ ይልቅ ጎልቶ ይታያል።

እንደሚታወቀው ደባርቅ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተቀመጠች የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በር ናት። ፓርኩ በ1970 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገባ፤ በ1989 ዓ.ም. በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ጋር ተቆጠረ፤ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ ከዚያ የሥጋት መዝገብ ወጣ። ዋልያውን፣ ጭላዳውንና ቀይ ቀበሮውን ለማየት የመጣ እንግዳ ወደ ሳንቃበር፣ ወደ ግጭና ወደ ጨነቅ ከመውጣቱ በፊት እዚህ የመግቢያ ሒሳብ ይከፍላል፤ መንገድ መሪ፣ ጠባቂ፣ ምግብ አብሳይና በቅሎ ይይዛል። ስለዚህ አንድ እንግዳ ሲመጣ የሚጠቀመው ባለ ሆቴሉ ብቻ አይደለም፤ በቅሎ ጫኙም፣ ዶሮ ሻጯም፣ ገብስ አምራቹም ከእርሱ ድርሻ አላቸው። ይሁን እንጂ ጎብኚ የሚበዛው ከጥቅምት እስከ መጋቢት ነው። በክረምት ጉሙ ገደሉን ይሸፍነዋል፤ መንገዱ ይጨቀያል፤ ክፍሎቹም ባዶ ይውላሉ። በስድስት ወር ያገኘነውን ለዐሥራ ሁለት ወር ማብቃቃት ግድ ነው።

ታላቅ ወንድሜ ጎንደር ተምሮ ከተመለሰ በኋላ በአንዲት የኪራይ ክፍል ውስጥ፣ በአንድ ጠረጴዛና በሁለት ላፕቶፕ ይህን ሥራ ጀመረ። ደንበኞቹ ጥቂት ሆቴሎች፣ የመንገድ መሪዎችና አንድ የማር ነጋዴ ናቸው። እኔም ከትምህርት ቤት ስመለስ ፎቶግራፍ በማሳነስና ጽሑፍ በማረም እረዳዋለሁ። በስልክ የተነሣ አንድ ፎቶግራፍ አራት ሜጋ ባይት ቢሆን፣ ወደ 200 ኪሎ ባይት ስናወርደው በአንዱ ቦታ ሃያ ይገባል፤ ኢንተርኔቱ ደካማ በሆነበት ቦታም ገጹ ቶሎ ይከፈታል። ይህ የሙያው ቀላል ክፍል ነው። ከባዱን ክፍል ያወቅሁት በሙቅ ውሃ ምክንያት ነው።

አንዲት ባለ ሆቴል እናት ወንድሜን «ልጄ፣ ‹ሃያ አራት ሰዓት ሙቅ ውሃ አለ› ብለህ ጻፍልኝ» አሉት። እርሱም «እትዬ፣ መብራት ሲጠፋስ?» ሲላቸው «ሁሉም እንዲያ ብሎ ያጽፍ የለም እንዴ! እኔ ብቻ ልቅር?» ብለው መለሱለት። ወንድሜ ዕዳ ነበረበትና እንዳዘዙት ጻፈ። በኅዳር ወር ሁለት ሽማግሌ ባልና ሚስት ከጨነቅ በበቅሎ ወርደው፣ በብርድ ተቆራምደው ወደዚያ ሆቴል ገቡ። በተራራው ላይ ሌሊቱ ውሃ የሚያረጋ ነው። መብራት ጠፍቶ ነበር፤ ውሃውም ቀዝቃዛ ነበር። ሰዎቹ አልጮኹም፤ ስልካቸውን አውጥተው ጽሑፉን አሳዩ እንጂ። ባለ ሆቴሏም በአጋጣሚ እዚያ ወደ ነበረው ወንድሜ ዘወር ብለው «እኔ መች ጻፍሁ? ይህ ልጅ ነው የጻፈው» አሉ። ወንድሜ ያን ማታ እራት አልበላም።

በማግሥቱ ሄዶ ጽሑፉን «መብራት ባለ ጊዜ ከማታ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ሙቅ ውሃ አለ፤ መብራት ሲጠፋ በእሳት አሙቀን በባልዲ እናቀርባለን» ብሎ ለወጠው። እትዬም ጥቂት አኵርፈው ተስማሙ። ከዚያ ወዲህ ስለ ውሃ የተነሣ ቅሬታ አልሰማሁም፤ እንዲያውም በባልዲ የቀረበላቸውን ውሃ እያመሰገኑ የሄዱ እንግዶች አሉ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚባለው ለዚህ ነው።

እንግዲህ በትልቅ ከተማ ያለ ድረ ገጽ ሠሪ የጻፈውን ቃል አምኖ የመጣውን እንግዳ ፊት ለፊት አያየውም። የእኛ ከተማ ሠሪ ግን እንግዳውን በገበያ ያገኘዋል፤ ባለ ሆቴሏን በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ይሳለማታል። የጻፈው ሐሰት ከሆነ መሸሸጊያ የለውም። ስለዚህ ትንሽነታችን ጉድለት አይደለም፤ ሙያውን የሚያስከብር ዳኛ ነው።

የዋስነት ሁለተኛው ግዴታ አደራ መጠበቅ ነው። አንድ የታወቁ ሽማግሌ ከዓመታት በፊት በሌላ ከተማ ላለ ሰው ድረ ገጽ አሠርተው ነበር። ሰውየው የድረ ገጹን ስም በራሱ አስመዘገበ፤ የይለፍ ቃሉንም ለእርሳቸው አልሰጠም። ኋላ ሥራውን ለወጠና ስልኩም አልነሣ አለ። የድረ ገጽ ስም በየጊዜው የሚታደስ ነው፤ ካልታደሰ ጥቂት ሳምንታት ይታገሣል፤ ከዚያ በኋላ ለፈለገው ሁሉ ገበያ ይወጣል። እንዲህ ሆኖ የእርሳቸው ስም በማያውቁት ሰው እጅ ገባ፤ በቆርቆሮ ላይ ያስጻፉት ማስታወቂያና ያሳተሙት ካርድ ሁሉ ከንቱ ሆኖ ቀረ። ቤት የሠራ አናጢ ቁልፉን ይዞ ቢሄድ ሌባ እንለዋለን። ታዲያ የድረ ገጽን ቁልፍ ይዞ የሚሄደውን ምን እንበለው? ወንድሜ ስሙን በባለቤቱ ያስመዘግባል፤ የይለፍ ቃሉንም በወረቀት ጽፎ፣ በፖስታ አሽጎ ለባለቤቱ ያስረክባል። እንዲህ ያደረገ ሠሪ ደንበኛው ነገ ወደ ሌላ ቢሄድ ሊከለክለው አይችልም። በእኔ አስተያየት ግን ደንበኛን በሥራ እንጂ በቁልፍ አስሮ ማቆየት አይገባም።

ሦስተኛው ግዴታ ከሁሉ ይከብዳል። በ2012 ዓ.ም. ወረርሽኙ መጣ፤ በ2013 ዓ.ም. በሰሜን ጦርነት ተነሣ፤ በ2015 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ በክልላችን በተነሣው ግጭት ምክንያት የኢንተርኔት አገልግሎት ለብዙ ወራት ተቋረጠ። አንባቢ ሆይ፣ ይህን አስተውል! ድረ ገጹ የሚቀመጠው በባሕር ማዶ ባለ ሰርቨር ውስጥ ነው። ስለዚህ እኛ ከዓለም ስንቆረጥ እርሱ አልተቆረጠም፤ «ኑ፣ በራችን ክፍት ነው» እያለ ብቻውን ይናገር ነበር። ከሩቅ አገር የሚጻፉ ጥያቄዎች ይከማቻሉ፤ የሚያነባቸው ግን የለም። ወንድሜ የስልክ ድምፅ በተገኘ ሰዓት አዲስ አበባ ለሚኖር የትምህርት ቤት ጓደኛው ደውሎ፣ በእያንዳንዱ ደንበኛ ድረ ገጽ ላይ «በአሁኑ ጊዜ ደብዳቤ መቀበል አልቻልንም፤ ከመነሣታችሁ በፊት ስለ መንገዱ በስልክ ጠይቁ» የሚል ቃል እንዲጻፍ ፊደል በፊደል አስነበበው።

ፈቃዳቸውን አስቀድሞ ከየቤታቸው እየዞረ ሲጠይቅ ሁሉም አልተደሰቱም። አንድ ባለ ሆቴል «አንተ እንግዳውን አስፈራርተህ ስታስቀርብኝ ልጆቼን ምን ላብላቸው?» ብለው ተቆጡ። ይህ አነጋገር ቀላል አይደለም። የሰውየው ልጆች አብረውን ይማራሉ፤ የባዶ ክፍልን ነገር እኔም በቤታችን አውቀዋለሁ፤ በእነዚያ ወራት ወንድሜ አንዱን ላፕቶፕ ሸጦ የቤት ኪራይ ከፍሏል። ሆኖም መንገዱን ሳያጣሩ «ኑ» ማለት በሰው ነፍስ መወራረድ ነው። የራበው ሰው እንጀራ መለመን ይችላል፤ በሐሰት የጠራው እንግዳ በመንገድ ላይ ቢጎዳ ግን ያን ጉዳት በምን ይክሰዋል? እኒያ ባለ ሆቴል እስከ ዛሬ ድረስ ከወንድሜ ጋር እንደ ቀድሞው አይደሉም። ወንድሜም አልተጸጸተም፤ እኔም ልክ አድርጓል እላለሁ።

በዚህ አስተያየቴ ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች እንዳሉ አውቃለሁ። አንዳንዶች «ፌስቡክና ቴሌግራም በነጻ እያሉ፣ ክፍል የሚያስይዙ የውጭ ድርጅቶችም ሞልተው ሳሉ ድረ ገጽ ለምን?» ይላሉ። እነዚህ ጠቃሚ መሆናቸውን አልክድም። ነገር ግን ክፍል አስያዦቹ ብዙውን ጊዜ ከመቶ 15 ወይም ከዚያ በላይ ይወስዳሉ፤ ከ2,000 ብር ክፍል 300 ብር ከተራራው ሳይወርድ ሄደ ማለት ነው። በሰው አደባባይ መነገድ መልካም ነው፤ የራስን በር ዘግቶ በሰው አደባባይ ብቻ መኖር ግን ባለ አደባባዩ በፈለገ ቀን ያስባርራል።

ሌሎች ደግሞ «ሰው ሠራሽ አስተውሎት በደቂቃ ድረ ገጽ በሚሠራበት ዘመን ይህን ሙያ መማር ድካም ነው» ይላሉ። እውነት ነው፤ ማሽኑ ቃላት ማሳመር ያውቃል። አንድ ቀን ብንሞክረው በሌለ ምድጃ ዙሪያ እንግዶችን አስቀምጦ እሳት አስሞቃቸው። በቅሎው የማን እንደሆነ፣ ከዝናብ በኋላ መንገዱ የት ላይ እንደሚናድ ግን አያውቅም። ከዚህም በላይ ማሽን ዋስ ሆኖ ዳኛ ፊት አይቆምም። ሥራው ሲቀልለት ሠሪው ያተረፈውን ጊዜ እውነቱን ለማጣራት ቢያውለው ምን ይጎዳል?

ሦስተኛው ተቃውሞ የገንዘብ ነው፤ ይህንንስ አላስተባብልም። የድረ ገጹ ስምና ማደሪያ የሚከፈለው በዶላር ነው። አንድ ደንበኛ በዓመት 60 ዶላር ቢያስፈልገው፣ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ በነበረ ጊዜ 3,420 ብር ይበቃ ነበር። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ፤ ያው ሒሳብ ከ6,000 ብር አለፈ። እኛም የምንከፍለው በውጭ አገር በምትኖር አክስታችን ካርድ ነው። በዚህ ሙያ ፈጥኖ የሚበለጽግ የለም። ይሁን እንጂ እንግሊዛዊው ቲም በርነርስ ሊ የድረ ገጽን አሳብ ካመነጨ በኋላ ይሠራበት የነበረው ሰርን የተባለው ተቋም በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1993 ለዓለም ሁሉ ያለ ክፍያ ለቀቀው። ስለዚህ የደባርቅ ልጅ ዕውቀቱን ለመያዝ የማንንም ፈቃድ መጠየቅ አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው ትጋትና ሐቅ ነው።

እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ከእናንተ መካከል ወደዚህ ሙያ የሚገባ ካለ ሦስት ነገር አደራ እላለሁ። ያላያችሁትን አትጻፉ፤ ሆቴሉን ከመጻፋችሁ በፊት አንድ ሌሊት እደሩበት። የባለቤቱን ቁልፍ ለባለቤቱ ስጡ። መንገዱ ሲከፋ ከፍቷል ለማለት አትፈሩ። ባለ ሆቴሎች አባቶቻችንና እናቶቻችን ደግሞ ልጆቻችሁ «ይህን አልጽፍም» ሲሏችሁ እንደ ድፍረት አትቍጠሩባቸው፤ ስማችሁን ከውርደት እየጠበቁላችሁ ነውና።

ያ የቀለደብኝ ጓደኛዬ አባቱ በቅሎ ያከራያል። ባለፈው ሳምንት ወደ ክፍላችን መጥቶ «ለአባቴ በቅሎዎች አንድ ገጽ ስንት ታስከፍላላችሁ?» ሲል ጠየቀ። ወንድሜም «በመጀመሪያ በቅሎዎቹን ልያቸው» አለው። ነገ ጧት አብረን እንሄዳለን።