ቃልና ውል

ለማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ የኅብረት ስምምነት አያስፈልገውም የሚሉ ሰዎች አሉ። ምክንያታቸውንም ሲያስረዱ፣ «ደመወዙ የሚከፈለው ከሕዝብ ግብር ነው፤ ሕዝብም ነጋዴ ስላልሆነ ከአገልጋዩ ጋራ አይደራደርም» ይላሉ። እኔ ይህን ነገር ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። የሚናገሩትም አብዛኛውን ጊዜ ክፉ ሰዎች ሳይሆኑ፣ ለድኻ እናዝናለን የሚሉ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ፣ ወጣቱ አንባቢዬ ሆይ፣ ነገሩን በተፈጸመ ታሪክ እንመርምረው።

በአሜሪካ አገር ሜምፊስ በምትባለው ከተማ ቆሻሻ የሚያነሡት የማዘጋጃ ቤት ሠራተኞች ሁሉም ለማለት በሚቻል መጠን ጥቁሮች ነበሩ። ሙሉ ሳምንት ሠርተው እንኳ ደመወዛቸው ቤተሰብ ስለማያኖር ብዙዎቹ የመንግሥት ርዳታ ያስፈልጋቸው ነበር። ጥር 23 ቀን 1960 ዓ.ም.፣ ይኸውም በአውሮፓ አቆጣጠር በ1968፣ ኤኮል ኮልና ሮበርት ዎከር የተባሉት ሁለት ሠራተኞች ከዝናብ ሊጠለሉ በቆሻሻው መኪና ውስጥ ገቡ፤ መጨፍለቂያውም በድንገት ተነሥቶ ገደላቸው። የመኪናዎቹን አደገኛነት ሠራተኞቹ አስቀድመው አመልክተው ነበር። ዳሩ ግን አቤቱታቸውን ለመስማት በውል የታሰረ አለቃ አልነበረም።

የካቲት 4 ቀን 1300 ያህል ሠራተኞች ሥራ አቆሙ። ከንቲባው ሄንሪ ሎብ አድማው ሕግን የጣሰ ነው ብለው ማኅበሩን ለመቀበልና የአባላቱ መዋጮ ከደመወዝ እንዲቆረጥ ለመፍቀድ እምቢ አሉ። ሠራተኞቹም «እኔ ሰው ነኝ» የሚል ጽሑፍ ይዘው በአደባባይ ተሰለፉ። ሊረዷቸው ወደዚያ የሄዱት ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ መጋቢት 26 ቀን በጥይት ተገደሉ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ሚያዝያ 8 ቀን ስምምነት ሆነ፤ ማኅበሩ ታወቀ፣ አቤቱታ የሚታይበት ሥርዓት ተደነገገ፣ ደመወዝም በሁለት ጊዜ በሰዓት 15 ሳንቲም ተጨመረ።

እንግዲህ ልጠይቅ። ያችን ከተማ ከሁለት ወር በላይ ያወካት የኅብረት ስምምነት መኖሩ ነውን? አይደለም፤ አለመኖሩ ነው። ስምምነቱን የሚፈሩ ሰዎች ጠብ ያመጣል ይላሉ፤ ነገር ግን ጠብ የሚያመጣው አቤቱታ መግቢያ በር ሲያጣ ነው።

«የማዘጋጃ ቤት ገንዘብ ውሱን ነው» የሚለውም ክርክር ተቀባይነት አለው፤ ሆኖም የሚረዳው የእኔን ሐሳብ ነው። ገንዘቡ ውሱን ከሆነ መዝገቡ ተገልጦ በጠረጴዛ ዙሪያ ሊታይ ይገባዋል። መደራደር የጠየቁትን ሁሉ መውሰድ አይደለም። ሰው ለምን እንደተከለከለ ሲያውቅ ይታገሣል፤ ሳይነግሩት ሲከለክሉት ግን ይቀየማል።

ሦስተኛው ክርክር፣ «አለቃው ደግ ከሆነ ወረቀት ምን ያደርጋል?» የሚለው ነው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባላል። ደግ አለቃ ነገ ይሻራል፤ ደግነቱም ከእርሱ ጋራ ይሄዳል። ደግሞስ ለሠራ ሰው ዋጋውን መስጠት በደግነት ሊቈጠር አይገባም። ምጽዋት ለሰጪው ፈቃድ የተተወ ነው፤ ደመወዝ ግን ዕዳ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 42 የሥራ ጠባያቸው የሚፈቅድላቸውና ከተወሰነ የኃላፊነት ደረጃ በታች የሆኑ የመንግሥት ሠራተኞች በማኅበር የመደራጀት፣ ከአሠሪም ጋራ የመደራደር መብት እንዳላቸው ይናገራል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 ግን የመንግሥት አስተዳደር ሠራተኞችን ከክልሉ አውጥቶ ለልዩ ሕግ ተዋቸው። ስለዚህ የፋብሪካ ሠራተኛ በማኅበሩ በኩል የኅብረት ስምምነት ሲፈርም፣ የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ ደመወዙን የሚወስንለትን ደንብ ይጠብቃል። አባት ለአንዱ ልጁ በር ከፍቶ ለሌላው በመስኮት ብቻ ቢያነጋግር ፍትሕ ይባላልን?

ሠራተኛውም ቢሆን ውል ሁለት ጫፍ እንዳለው አይርሳ። መብቱን አስፈርሞ መንገዱን ሳይጠርግ የሚውል፣ ባለጉዳይንም ነገ ና እያለ የሚያመላልስ፣ ለጠላቶቹ ክርክር ምስክር ይሆናል።

አንተ ግን፣ ወንድሜ፣ አንቺም እኅቴ፣ ዛሬ ተማሪ ብትሆኑ ነገ ከእናንተ መካከል ከንቲባና የመምሪያ ኃላፊ የሚሆን አይጠፋም። ያን ቀን የበታቾቻችሁ ሠራተኞች ተሰብስበው ወረቀት ይዘው ሲመጡ፣ እንደ ዓመፀኛ አትዩአቸው። ወንበር ስጧቸው፤ አንብቡት፤ የሚቻለውን ከማይቻለው ለዩና ፈርሙ። በውል መታሰር ሹመትን አያዋርድም፤ ሹሙ ቃሉን እንዲጠብቅ ያግዘዋል እንጂ።