ታውረስን ማን ገደለው?

የፎርድ ታውረስ ነገር ሲነሳ «ጃፓኖች ጨረሱት» የሚሉ ወዳጆች አሉን። እኛ ግን አንስማማም። ገዳዩ የገዛ ቤቱ ነው። (ዘመኑ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው።)

እስቲ እናስታውስ። ፎርድ ከ1980 እስከ 1982 ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ ከሰረ። ያኔ የሉ ቬራልዲ ቡድን ዲዛይነሩን፣ መሐንዲሱን፣ የፋብሪካ ሠራተኛውንና ሻጩን ከመጀመሪያው አንድ ላይ አስቀመጠ። ቀድሞ አንዱ ክፍል የራሱን ጨርሶ ለቀጣዩ ይወረውር ነበር። የተፎካካሪን መኪና ሳይቀር ፈታትተው ተማሩ። በ1985 መጨረሻ የወጣው ታውረስ ከ1992 እስከ 1996 በአሜሪካ በሽያጭ ቀዳሚው የቤት መኪና ሆነ።

ከዚያስ? ሳይቸግር ጤፍ ብድር! የ1996ቱን ሞዴል ከፊት መብራቱ እስከ ኋላ መስታወቱ ሞላላ አደረጉት። ብዙ ገዢ ፊቱን አዞረ፤ በ1997 ካምሪ ዙፋኑን ወሰደ። ፎርድ ግን ትርፉን ከፒክአፕና ከኤስዩቪ እየዛቀ ታውረስን ለኪራይ ድርጅቶች ተወው። በ2006 ምርቱ ቆመ። በ2007 አለን ሙላሊ ስሙን ለሌላ ሞዴል መለሰው፤ በ2019 የአሜሪካ ምርቱ ጭራሽ አበቃ።

ጃፓኖችማ የሠሩት ሥራቸውን ነው። የተኛው ማን ነበር?