ስለ ውሻ ዳኝነት

ባለፈው እሑድ አንድ ወዳጃችን ከነልጁ ወደ ቤታችን መጥቶ የጀርመን የእረኛ ውሻ አሳየን። ውሻው አንድ ዓመት ያለፈው፥ ደረቱ የሞላ፥ ዓይኑ ንቁ፥ ለጌታው የሚታዘዝ ነው፤ ነገር ግን ግራ ጆሮው ቀጥ ብሎ አልቆመም። ሻጩ የዘር ሐረጉን ጽሑፍ ሰጥቶት ነበርና ወዳጃችን የተታለለ መስሎት ውሻውን ለሌላ ሰው ሊሰጠው ቈርጦ ነበር። ልጁ ግን የውሻውን አንገት ዐቅፎ ያለቅስ ነበር። ፍርድ ስጡን ስለ ተባልን፥ የውሻ ዳኝነት እንዴት እንደሚደረግ ለአንባቢዎቻችንም መግለጽ የሚገባ መሰለን።

ዛሬ የምናውቀው የውሻ ትርኢት በእንግሊዝ አገር የተጀመረ ነው። በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1859 ዓ.ም. በኒውካስል ከተማ የአደን ውሾች ተሰብስበው ተዳኙ፤ በ1873 ዓ.ም. ደግሞ ኬኔል ክለብ የሚባለው ማኅበር ተቋቋመ። የያንዳንዱ ዘር መልክ፥ ቁመት፥ ጠባይና አካሄድ በጽሑፍ ተወስኖ ይገኛል፤ ይህም የዘሩ ደንብ ይባላል።

ዳኛው ውሻን ከውሻ ጋራ ከማወዳደሩ በፊት እያንዳንዱን ከደንቡ ጋራ ያመዛዝናል። ይህንንም በችሎት የሚያገለግል ሁሉ ያውቀዋል፤ ሰው የሚዳኘው በሕግ እንጂ በጎረቤቱ አይደለምና። የዘር ሐረግ ጽሑፍም የውሻውን አባትና እናት ይመሰክራል እንጂ የራሱን መልካምነት አይመሰክርም።

ስለዚህ ዳኛው በመጀመሪያ ራቅ ብሎ የውሻውን ቅርጽ ያያል። ቀጥሎ ቀርቦ በእጁ ይዳስሰዋል፤ ከንፈሩን ገልጦ ጥርሱን ይመረምራል። በመጨረሻም ሲሄድና ሲመለስ ይመለከተዋል፤ ሲቆም የተሸሸገ ጉድለት ሲሄድ ይገለጣልና። በጀርመን እረኛ ደንብ ወንዱ ከመሬት እስከ ትከሻው ጫፍ ከ60 እስከ 65፥ ሴቲቱ ከ55 እስከ 60 ሳንቲሜትር እንዲሆኑ፥ የላይኛው የፊት ጥርስ በታችኛው ላይ እንደ መቀስ እንዲገጥም፥ ጆሮም ቀጥ ብሎ እንዲቆም ተወስኗል።

ነገር ግን ለመልክ ብቻ ሲፈረድ ፍርዱ ይጣመማል። ቡልዶግ የሚባለው ውሻ ፊቱ እያጠረና እየተጨፈለቀ እንዲወለድ ስለ ተመረጠ፥ ከዘሩ ብዙዎቹ መተንፈስ ይቸገራሉ። በ2008 ዓ.ም. የእንግሊዝ ቴሌቪዥን የዘር ውሾችን ሕመም ገልጦ ባሳየ ጊዜ ብዙ ቍጣ ተነሣ፤ ማኅበሩም ደንቦቹን መርምሮ አሻሻለ። በ2012 ዓ.ም. ክራፍትስ በሚባለው ታላቅ ትርኢት በ15 ዘሮች የተመረጡት አሸናፊዎች በእንስሳት ሐኪም እንዲታዩ ተደረገ። ከነዚህም 6ቱ፥ ቡልዶግና ፔኪኒዝ ሳይቀሩ፥ ምርመራውን ስላላለፉ ወደሚቀጥለው ውድድር አልገቡም። ዳኛው ያከበረውን ሐኪሙ መለሰው።

ለወዳጃችንም እንዲህ አልነው፦ «ጆሮው በትርኢት ጉድለት ነውና አንሸሽግዎትም፤ የሽልማት ተስፋ አያድርጉበት፥ ለዘርም አያውሉት። ሻጩ ግን የሰጠዎ የትውልድ ምስክር እንጂ የሽልማት ዋስትና ስላልሆነ በሐሰት አይክሰሱት። የውሻው ትንፋሽ ሙሉ፥ አካሄዱ የቀና፥ ጠባዩ የታመነ ነው። ጆሮው ቢጐብጥም መስማቱን አልተወም።»

ወዳጃችን ጥቂት ዝም ካለ በኋላ የውሻውን ማሰሪያ ለልጁ ሰጠው።

እናንተም፥ አንባቢዎቻችን ሆይ፥ የዘር ውሻ ልትገዙ ስታስቡ ወረቀቱን ብቻ አትመልከቱ። ቢቻል እናቱን እዩ፤ ቡችላውን አስኪዱት፤ ሲሮጥ ትንፋሹን አድምጡ፤ ሐኪምም ይመልከተው። ለትርኢት የሚሆን ውሻ ጥቂት ነው፤ ለቤት የሚሆን ግን ብዙ ነው።