የነሐሴ ዝናብ መደበኛ ነበርን?

በዚህ ዓመት የመጀመሪያ እትማችን የመጨረሻ ገጽ ላይ አንዲት ትንሽ ሠንጠረዥ አውጥተን ነበር። የአዲስ አበባን የአንድ ወር ዝናብና ሙቀት ከረዥም ዘመን አማካይ ጋር አስተያይተን፥ ልዩነቱ ጥቂት መሆኑን ስናይ፥ «ያለፈው ነሐሴ መደበኛ ነበር» ብለን ከሥሯ ጻፍን። ጋዜጣዋ በወጣች በማግስቱ ከሰሜን ሸዋ የመጣ አንድ ጓደኛችን ወደ ማኅበሩ ቢሮ ገባ። ሠንጠረዡን በጣቱ እየጠቆመ፥ «ይህን የጻፈው ማን ነው? አባቴ ጤፉን ሁለት ጊዜ ዘርቷል። የመጀመሪያው ዘር ዝናቡ ሲቋረጥ መሬት ላይ ቀረ፤ ሁለተኛውን ከጎረቤት ተበድሮ ዘራ። መደበኛ የሆነው ለማን ነው?» አለን። በዚያች ሰዓት መልስ አልነበረንም። ዛሬ የምንጽፈው ያን መልስ ለመስጠትና ስሕተታችንን ለማረም ነው።

በመጀመሪያ ቁጥሩ ከየት እንደሚመጣ እንመልከት። ተመልካቹ በየቀኑ ጠዋት በሦስት ሰዓት ወደ ዝናብ መለኪያው ሄዶ የተጠራቀመውን ውሃ ይለካል። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ አንድ ሊትር ውሃ ወረደ ማለት ነው። የቀኑ ተደምሮ የወሩ ይሆናል፤ የ30 ዓመት ተመሳሳይ ወራት ተደምሮ ለ30 ሲካፈል ደግሞ «የረዥም ዘመን አማካይ» የሚባለው ይገኛል። የዓለም ሚቲዎሮሎጂ ድርጅት አሁን አገሮች እንዲጠቀሙበት የሚመክረው ዘመን ከ1991 እስከ 2020 እ.ኤ.አ. ያለው ነው። በአዲስ አበባ በክረምቱ እምብርት የአንድ ወር አማካይ ከ250 እስከ 300 ሚሊ ሜትር ይደርሳል።

እንግዲህ ሁለት ነሐሴዎችን በሐሳባችን እናስቀምጥ። በአንደኛው ዝናቡ 28 ቀን ሙሉ በየቀኑ 10 ሚሊ ሜትር ይጥላል። በሁለተኛው በአራት ቀን ብቻ፥ በየቀኑ 70 ሚሊ ሜትር ወርዶ የቀረው ወር ይደርቃል። የሁለቱም ድምር 280 ነው፤ በሠንጠረዣችን ላይ ሁለቱም «መደበኛ» ይባላሉ። በመጀመሪያው ግን ቡቃያው ይጠግባል፤ በሁለተኛው አፈሩ በጎርፍ ታጥቦ ወደ ወንዝ ይወርዳል፥ የቀረው ቡቃያ ደግሞ በፀሐይ ይጠወልጋል። ገበሬ የሚያርሰው በቀናት ነው፤ እኛ ያቀረብንለት ግን ድምር ነበር። የጓደኛችን አባት ዘር ያለቀው በዚህ በድምርና በቀናት መካከል ባለው ክፍተት ነው።

ሁለተኛው ስሕተታችን ከወሩ ስም የመጣ ነው። የሚቲዎሮሎጂ ሠንጠረዥ የሚዘጋጀው በአውሮፓውያን ወር ነው። እኛ «ነሐሴ» ብለን ያተምነው ኦገስት፥ በእኛ አቆጣጠር ከሐምሌ 25 ጀምሮ ነሐሴ 25 ላይ ያልቃል። የነሐሴ የመጨረሻ አምስት ቀናትና ጳጉሜን በሙሉ ወደ ሴፕቴምበር ይሄዳሉ። ሕፃናት ልብሳቸውን አውልቀው የሚታጠቡበት የጳጉሜን 3 የሩፋኤል ዝናብ ከመስቀል አበባ ጋር በአንድ ወር ተጠቃሎ ይቆጠራል ማለት ነው። ወላጆቻችን ግን የሚዘሩትና የሚያርሙት በሰኔ ሚካኤል፥ በሐምሌ አቦ፥ በፍልሰታ እየቆጠሩ ነው። ሁለቱን አቆጣጠር ሳያስታርቅ የሚጽፍ ሰው ትክክለኛ ቁጥር ይዞ የተሳሳተ ነገር ሊናገር ይችላል። እኛም ያደረግነው ይህንኑ ነው።

ስለ ሙቀቱም እንዲሁ ነው። በሐምሌና በነሐሴ የከተማችን የቀን ሙቀት በአማካይ ከ20 ወይም ከ21 ዲግሪ ብዙም አይዘልም፤ ሌሊቱን ግን ደመናው እንደ ጋቢ ስለሚሸፍነን ወደ 10 ወይም 11 ዲግሪ ገደማ ይቆያል። በታኅሣሥ ቀኑ ብርሃን፥ ሰማዩም ጥርት ያለ ነው፤ ሌሊቱ ግን ወደ 7 ወይም 8 ዲግሪ ይወርዳል። የቀኑና የሌሊቱ ተደምሮ ለሁለት ሲካፈል የሁለቱ ወራት አማካይ ከ15 እስከ 16 ዲግሪ አካባቢ ሆኖ እጅግ ይቀራረባል። በመኝታ ቤታችን በአንድ ብርድ ልብስ የሚያድር ተማሪ ግን ነሐሴና ታኅሣሥ አንድ ናቸው ቢሉት አያምንም።

ከዚህም በላይ አማካዩ ራሱ ቆሞ አይጠብቀንም። ከ1960 እስከ 2006 እ.ኤ.አ. ድረስ የአገራችን ዓመታዊ አማካይ ሙቀት በ1.3 ዲግሪ ገደማ መጨመሩን ጥናት አሳይቷል። ማወዳደሪያው ዘመን በየጊዜው ሲታደስ፥ ለአያቶቻችን ሞቃት ይባል የነበረው ወር ለእኛ «መደበኛ» ሆኖ ይታያል። ስለዚህ «ከአማካይ ጋር እኩል ነው» የሚል ሰው የትኛው ዘመን አማካይ እንደሆነ አብሮ መናገር ይገባዋል።

የቦታውም ነገር አይዘነጋም። በቦረና ዋናዎቹ የዝናብ ወቅቶች በበልግና በመኸር ስለሆኑ ነሐሴ ደረቅ ቢሆን ማንም አይደነግጥም። በዚያው በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ ከ2013 ዓ.ም. መኸር ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው ሲከሽፉና ከብቱ ሲያልቅ የአዲስ አበባ ጎዳና በክረምቱ ጎርፍ ይጥለቀለቅ ነበር። በ2007 ዓ.ም. ደግሞ በኤል ኒኞ ምክንያት በልጉ ከሸፈ፥ ክረምቱም በሰሜንና በምሥራቅ ብዙ ስፍራ ዘግይቶ ገብቶ አነሰ፤ በምዕራቡ ግን ያን ያህል አልከፋም ነበር። በ2008 ዓ.ም. አስቸኳይ የምግብ እርዳታ የሚያስፈልገው ሕዝብ 10.2 ሚሊዮን መሆኑ ተገለጸ። ምሥራቁንና ምዕራቡን ደምሮ የሚያካፍል ሰው ይህን ሕዝብ በቁጥሩ ውስጥ አያየውም።

አንዳንድ አንባቢዎች «ይህ የሚቲዎሮሎጂ ባለሙያዎች ሥራ ነው፤ ተማሪውን ምን አገባው?» ይሉ ይሆናል። እርግጥ ነው፥ ባለሙያዎቹ ከእኛ የተሻለ ያውቃሉ፤ ስለ ዝናብ መዘግየትና መቋረጥም ያጠናሉ። ጥፋቱ ከረዥሙ ሥራቸው አንዲቱን ቁጥር ነጥለን ያወጣነው የእኛ ነው። ነገር ግን በ1965 ዓ.ም. ወሎ ሲራብ የዚያን ጊዜው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ስፍራው ሄደው ያዩትን በፎቶግራፍ ወደ ግቢው ማምጣታቸውን፥ ተማሪውም በዚያ ምክንያት መነሣቱን እናስታውስ። ያን ጊዜ ረኃቡ ከታየ በኋላ ነበር የተነሣነው። የአሁኑ ተማሪ የዝናቡን ቀን ቢቆጥር ከረኃቡ አስቀድሞ ሊናገር ይችላል።

ስለዚህ ሦስት ነገሮችን እናቀርባለን። አንደኛ፥ ከዛፍና ከግንብ ርቆ በሜዳው ላይ አንድ የዝናብ መለኪያ እንዲተከል፥ የጂኦግራፊ ተማሪዎችም በተራ ጠዋት በሦስት ሰዓት እንዲያነቡት መምህራኖቻችንን እንለምናለን። ሁለተኛ፥ ከእንግዲህ ይህች ጋዜጣ የወሩን ድምር ስታወጣ ስንት ቀን እንደዘነበ፥ ረዥሙ የደረቅ ቀናት ተከታታይ ስንት እንደነበረና በአንድ ቀን የወረደው ከፍተኛው ምን ያህል እንደሆነ አብራ ታወጣለች፤ ቀኑም በእኛ አቆጣጠር ይሆናል። ሦስተኛ፥ እያንዳንዱ ተማሪ ወደ ቤቱ ሲደውል ወይም ሲሄድ ሦስት ቀኖችን ይጠይቅልን፦ ዝናቡ መቼ ገባ? መቼ ተቋረጠ? መቼ ወጣ? የመጣልንን በየአውራጃው ለይተን እናትማለን።

«መደበኛ ነበር» ያልነውን ቃል በዚህ እትም አንሥተናል። ወደ ቢሮአችን የመጣውን ጓደኛችንንም ይቅርታ ጠይቀን የአባቱን ሦስት ቀኖች ጽፎ እንዲሰጠን ለምነነዋል። የሚቀጥለው ሠንጠረዥ የሚጀምረው በእነዚያ ነው።