የልጅ ልጃችሁ «ጥንቸል ላድን» ቢላችሁ

ትምህርት ቤት ተዘግቶ ልጆች ወደ አያት አገር የሚላኩበት ጊዜ ሲደርስ በየቤቱ የሚነሡ ጥያቄዎች አሉ። ቀድሞ ጥያቄው «ጋቢ ይበቃዋል ወይ? ቦቲ ጫማ ይያዝ ወይ?» ነበር። አሁን አሁን አንድ አዲስ ጥያቄ ተጨምሯል። ልጁ እንግሊዝ አገር ያለ ጎረምሳ በአየር ጠመንጃ ጥንቸል ሲያድን በስልኩ አይቷል። ውጭ አገር ያለው አጎት «እኔ እገዛለታለሁ» ብሏል። ከዚያ መሃል ሜዳ ወይም ሞላሌ፣ ራቤል ወይም ዓለም ከተማ ላሉት አያት ስልክ ይደወላል፦ «አባባ፣ እናንተ አገር ጥንቸል አለ አይደል? ስመጣ እናድናለን!»

አያት ምን ይመልሱ? «አይሆንም!» ብሎ ስልኩን መዝጋት ይቀላል። ግን ምክንያቱ ያልተነገረው ልጅ ነገሩን ከዓይናችሁ ርቆ ይሞክረዋል። «እሺ፣ ና ብቻ» ማለትም የባሰ ጣጣ አለው። ስለዚህ ዛሬ ጥያቄውን ከሥሩ እንየው፤ ለልጁ የሚነገር ነገር ይዘን እንድንቀርብ።

እንስሳዋ ማን ናት?

በአማርኛ «ጥንቸል» የምንለው ስም ሁለት የተለያዩ እንስሳትን ይይዛል። ልጁ በቪዲዮ ያያት የአውሮፓ ጥንቸል ጉድጓድ ቆፍራ፣ በመንጋ የምትኖር ናት። ልጆቿ ዓይናቸው ሳይገለጥና ጠጉር ሳያበቅሉ ይወለዳሉ፤ እናትየው ቶሎ ቶሎ ትወልዳለች። እ.ኤ.አ. በ1859 ወደ አውስትራሊያ የተወሰዱ 24 ያህል ጥንቸሎች ተራብተው የአገሩን ሣርና እህል እስከ መጨረስ የደረሱት በዚህ ጠባያቸው ነው። እንግሊዝ አገርም ገበሬው ጥንቸልን እንደ ማሳ ተባይ ያያታል። አዳኙ ገበሬውን አስፈቅዶ የሚገባው፣ ገበሬውም ደስ ብሎት የሚያስገባው ለዚህ ነው።

የእኛ ደጋ ጥንቸል ሌላ ናት። ጉድጓድ አትቆፍርም፤ ጓሳ ሥር ትንሽ ጎድጎድ ያለ ቦታ አበጅታ ትተኛለች። ልጆቿ ጠጉር ለብሰው፣ ዓይናቸውን ገልጠው ይወለዳሉ። በአካልም ከአውሮፓዋ ትበልጣለች። በመንዝና በባሌ ደጋ የምትገኘው የኢትዮጵያ ደጋ ጥንቸል ደግሞ ከአገራችን ውጭ በሌላ ምድር አትገኝም። እንደ ጭላዳና እንደ ቀይ ቀበሮ የእኛው ብቻ ናት።

ይህን ለልጁ መንገር ግማሽ መልስ ነው። እዚያ አገር «ጥንቸል በዝታ አስቸገረች፤ ትቀነስ» የሚለው ነገር እዚህ የለም። ጓሮ ገብታ ጎመን ብትበላም መፍትሔው የእሾህ አጥር ነው፤ አያቶቻችን ሲያጥሩት የኖሩት።

ሕጉ ምን ይላል?

የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደንን ይከለክላል። ቅጣቱም ከገንዘብ መቀጮ እስከ እስራት ይደርሳል። «በገዛ መሬታችን ላይ ነው» ማለት አያድንም፤ የዱር እንስሳ የባለ መሬቱ ንብረት አይደለምና።

በኢትዮጵያ ሕጋዊ አደን ጨርሶ የለም ማለት ግን አይደለም። በተከለሉ የአደን ቀጠናዎች፣ ለተለዩ የእንስሳ ዓይነቶች፣ በኮታና በክፍያ ፈቃድ ይሰጣል። በባሌና በአርሲ ተራሮች የደጋ አጋዘን ለማደን የውጭ አገር ሰዎች ብዙ ዶላር ከፍለው የሚመጡት በዚህ ሥርዓት ነው። አያት ማሳ ዳር ቆሞ ጥንቸል ላይ መተኮስ እዚህ ውስጥ አይገባም።

መሣሪያውም የራሱ ጥያቄ አለው። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ከወጣ ወዲህ ቁጥጥሩ ጠብቋል። «ይህ እኮ በአየር የሚሠራ ነው፤ መጫወቻ ነው» ብሎ በሻንጣ ከማስመጣት በፊት ጉምሩክንና ፖሊስን መጠየቅ የአጎትየው ግዴታ ነው። ልጁ የሚያደንቃቸው አገሮችም ነገሩን እንደ መጫወቻ አያዩትም። በብሪታንያ ከ18 ዓመት በታች ያለ ሰው የአየር ጠመንጃ መግዛት አይችልም፤ ከ14 ዓመት በታች ያለ ልጅ የሚተኩሰው ቢያንስ 21 ዓመት የሞላው ሰው አብሮት ሲኖር ነው። ስኮትላንድ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2016 መጨረሻ ጀምሮ ለአየር ጠመንጃም የፖሊስ ፈቃድ ትጠይቃለች። ይህ በቪዲዮው ላይ አይታይም።

ሌላም የሚያሳስብ ነገር አለ። ከሩቅ ለሚያይ ሰው የአየር ጠመንጃ ሰደፍም አፈሙዝም ያለው ጠመንጃ ነው። በዛሬው ጊዜ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ጠመንጃ የሚመስል ነገር አንግቶ ገደል ለገደል ሲሄድ ቢታይ፣ የሚያየው ሰው ቀርቦ «የአየር ነው ወይስ የባሩድ?» ብሎ አይጠይቅም። ከሕጉም ከጥንቸሏም በፊት ወላጅ ሊያስብበት የሚገባው ይህ ነው።

«ሳይሠቃይ ይሙት» ማለት

አደን በተፈቀደበት አገር ጀማሪ የሚማረው የመጀመሪያ ትምህርት «እንዴት እገድላለሁ?» ሳይሆን «መቼ አልተኩስም?» የሚለው ነው። ልጁ ይህን ቢያውቅ አይጎዳውም። እንዲያውም ቪዲዮውን በሌላ ዓይን እንዲያይ ያደርገዋል።

የአየር ጠመንጃ ጉልበቱ ትንሽ ነው። በእንግሊዝ ያለ ልዩ ፈቃድ የሚያዘው 16 ጁል ገደማ ነው፤ ከጦር መሣሪያ ጋር ሲነጻጸር ከምንም አይቆጠርም። ስለዚህ ጥንቸልን ወዲያው የሚገድላት ጭንቅላቷን ሲመታ ብቻ ነው። ሆዷን ወይም እግሯን የመታት እንደሆነ ሮጣ ታመልጣለች፤ ቁጥቋጦ ውስጥ ገብታ ለቀናት ስትማቅቅ ትሞታለች። በደንብ የተማረ አዳኝ ለዚህ ሲል ከ30 ሜትር በላይ ርቀት አይተኩስም። ነፋስ ካለ አይተኩስም። የምትሮጥ ጥንቸል ላይ አይተኩስም። ከጀርባዋ ጉብታ ወይም አፈር ከሌለ አይተኩስም፤ የሳተው ጥይት የት እንደሚያርፍ አያውቅምና። ወረቀት ላይ ሲለማመድ ጥይቶቹ ሁሉ በአንድ ብር ሳንቲም ስፋት ውስጥ እስኪያርፉ ድረስ ሕይወት ባለው ነገር ላይ አያነጣጥርም። ይህ ደግሞ የወራት ሥራ ነው። ያቆሰላትን ፈልጎ ሳያገኝ ወደ ቤቱ አይገባም። የምታጠባ እናት በምትሆንበት ወቅት አያድንም፤ እሷ ስትሞት ልጆቿ በረሃብ ያልቃሉና።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚቀረው ጥያቄ «ሥጋዋን ምን ታደርገዋለህ?» የሚለው ነው። እንግሊዛዊው ወጥ ይሠራባታል። በመንዝ ቤት ግን፣ ልጁ ይዟት ቢመጣ፣ እማማ ከደጃፍ አያሳልፏትም። ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 እና ዘዳግም ምዕራፍ 14 ታመሰኳለች ግን ሰኮናዋ አልተሰነጠቀም ብለው ከማይበሉት ይቆጥሯታልና የኦርቶዶክስ ክርስቲያን ቤት ጥንቸል አይበላም። በእስልምና አብዛኞቹ ሊቃውንት ሥጋዋን ይፈቅዳሉ፤ ግን አገዳደሉ የራሱ ሥርዓት ስላለው ያለ ዐዋቂ ምክር አይሆንም። ለማይበላ፣ ላልጎዳ፣ ላላስቸገረ ነፍስ ጥይት ማባከን በደጋው ሽማግሌ ዘንድ ጀግንነት ሆኖ አያውቅም። ግዳይ ተጥሎ የሚፎከረው ለአንበሳና ለጎሽ ነበር እንጂ ለጥንቸል ማን ይፎክራል?

ጥንቸሏ የማን ምግብ ናት?

ጓሳን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ለማያውቁት ደግሞ፦ ከአዲስ አበባ 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር ከፍታ የሚጀምር፣ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው የሣር ምድር ነው። የመንዝ ሰው ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ «ቀሮ» በሚባል ሥርዓት ጠብቆታል። አፈሮ እየሾመ፣ ሣሩ እንዲያገግም ቦታውን ለዓመታት እየዘጋ፣ ለቤት ክዳንና ለከብት ግጦሽ በጊዜው እየከፈተ፣ ያፈረሰውን እየቀጣ። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን ቢያናጋውም ሰዉ በኋላ ጥበቃውን መልሶ አቋቁሟል።

በዚህ ጥበቃ ምክንያት ነው ዛሬም ቀይ ቀበሮ በመንዝ የምትታየው። በዓለም ላይ ያሉት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 እንደማይበልጡ ይገመታል፤ ሁሉም ያሉት በኢትዮጵያ ደጋዎች ነው። ዋና ምግቧ አይጥ ነው፤ የደጋ ጥንቸልንም ስታገኝ ትይዛለች። ልጁ በአየር ጠመንጃ የሚያነጣጥርባት ጥንቸል ከዚህ ገበታ ላይ ያለች ናት።

እረኞች በውሻ ጥንቸል ማባረራቸውም ጉዳት አለው። ያልተከተበ ውሻ ወደ ቀበሮ አገር ሲገባ የእብድ ውሻ በሽታ ይዞ ይገባል። በባሌ ይህ በሽታ በተለያዩ ጊዜያት ገብቶ ብዙ ቀይ ቀበሮዎችን ፈጅቷል። የአያት ቤት ውሻ ካለ ማስከተብ ለልጅ ልጁም ለቀበሮዋም መድኃኒት ነው።

ታዲያ ልጁን ምን እናድርገው?

አደን የሚመኝ ልጅ ብዙውን ጊዜ የሚፈልገው መግደልን አይደለም። ማልዶ መነሣት፣ በዝምታ ማድባት፣ ዱካ መከተል፣ ከአያት ጋር ለብቻ መሄድ ነው። ከስልክ ወጥቶ ይህን የሚመኝ ልጅ ካላችሁ ደስ ይበላችሁ። ምኞቱን ሳትገድሉ የምታሟሉበት መንገድ አለ።

አንደኛ፣ ዒላማ መምታት ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። ጓሮ ውስጥ፣ ከኋላው አፈር ያለበት ቦታ ላይ ባዶ ጣሳ አቁሙለትና ወንጭፍ አስተምሩት። አያቶች፣ ይህ የእናንተ ትምህርት ነው። ጭላዳን ከገብስ ማሳ ያባረራችሁበት ክንድ ዛሬም አይረሳውም። ሕጉን ግን በመጀመሪያው ቀን ንገሩት፦ ሰው ባለበት አቅጣጫ አይወነጨፍም፤ እንስሳና ወፍ ላይ አይወነጨፍም።

ሁለተኛ፣ ማድባትን ያለ ጥይት አስተምሩት። ማለዳ ፀሐይ ሳትወጣ ጥንቸል ከጋጠችበት ትመለሳለች። ነፋሱ ከእሷ ወደ እናንተ በሚነፍስበት በኩል ቁጭ በሉ። ሳትነቃባችሁ ሃያ ሜትር የቀረባት ልጅ የእንግሊዙ ጎረምሳ የሚያውቀውን ከባዱን ክፍል ዐወቀ ማለት ነው። ስልኩ ካለው ፎቶ ያንሣት፤ ለአጎቱ ይላክለት።

ሦስተኛ፣ መንገዱ ሰላም በሆነበት ጊዜ በአካባቢው ጠባቂ እየተመራችሁ ጓሳ ውሰዱት። እዚያ የሚያየው አደን ቪዲዮ ላይ የለም። ቀይ ቀበሮዋ በጭላዳ መንጋ መካከል ቀስ ብላ ትሄዳለች፤ ጭላዶቹ አይሸሿትም፣ እሷም ግልገላቸውን አትነካም። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ የጓሳ ጥናት እንደሚያሳየው ብቻዋን ስታድን ከመቶ ሙከራዋ 25ቱ ይሳካላታል፤ በጭላዳ መንጋ ውስጥ ሆና ስታድን ግን 67ቱ ይሳካል። «አየህ፣ ጎበዝ አዳኝ ማለት እሷ ናት፤ ለምግቧ ብቻ ታድናለች፤ ጎረቤቷን አታስደነግጥም» በሉት።

አራተኛ፣ ውጭ አገር ላለው አጎት ደውሉ። ስጦታው ከልብ ነው፤ አታሳፍሩት። በጠመንጃው ፈንታ ጥሩ የሩቅ ማያ መነጽር ይላክ በሉት። ግን መነጽርም በአየር ማረፊያ ጥያቄ ሊያስነሣ ስለሚችል ከመላኩ በፊት ይጠይቅ።

ልጁ እያደገ ሄዶ ነገ ሕጋዊ አደን በሚፈቀድበት አገር ሊኖር ይችላል። ያን ጊዜ ፈቃድ ማውጣቱን፣ አለመቸኮሉን፣ የማይበላውን አለመግደሉን የሚያስተምረው ክለብ ያገኝ ይሆናል። «የማላየው ላይ አልተኩስም፤ የማያስፈልገኝን አልገድልም» የሚለውን ግን ቀድሞ ከእናንተ ቢሰማው ይሻላል።