ጎጆ መውጣቱንስ እንውጣ፣ ግን የማን ጎጆ?

አማርኛችን ስለ ትዳር ሲናገር ቤት ሳይጠራ አያልፍም። ያገባው ሰው "ጎጆ ወጣ" ይባላል። ለማግባት የሚያስበውም "ጎጆ ልቀልስ ነው" ይላል። "ጫጉላ" የሚለውን ቃል ደግሞ ተመልከቱት። ዛሬ "የጫጉላ ሽርሽር" ሲባል ትዝ የሚለን ባሕር ዳር ነው፣ ሐዋሳ ነው፣ ኪሱ ለሞላ ደግሞ ዱባይ ነው። የቃሉ መነሻ ግን ሽርሽር ሳይሆን ቤት ነው። በገጠራችን ሙሽሮች ከሠርጉ በኋላ ለብቻቸው የሚቆዩባት፣ ሚዜዎች የሚያጫውቱባት፣ በሙሽራው ወላጆች ግቢ የምትዘጋጅ ትንሽ ጎጆ ናት ጫጉላ ማለት። እንግዲህ ቃሉን ይዘን ቤቱን ጥለነዋል ማለት ነው።

ውድ አንባቢያን፣ ይህን ያነሳሁት የድሮውን ዘመን ለማወደስ አይደለም። ዛሬ በሌላው ዓለም ጥንዶች ከከተማ ግርግር ሸሽተው ወደ ገጠር ይወጣሉ። የሚያርፉትም የገበሬው አሮጌ ቤት፣ ጎተራው ወይም የከብት በረቱ ታድሶ በተሠራ ክፍል ውስጥ ነው። ለዚህም ጥሩ ገንዘብ ይከፍላሉ። እኛ ደግሞ ቤቱም፣ ደጋውም፣ ቃሉም እያለን በዚህ ነገር ላይ የለንበትም። የእኔ ሐሳብ አጭር ነው፦ በሰሜን ጎንደር ደጋ የእንግዳ ማረፊያ ማለት የግድ ባለሀብት የሚገነባው ሎጅ መሆን የለበትም። ገበሬው ራሱ እርሻውን ሳይተው አንድ ቤቱን አድሶ ሊከፍተው ይችላል፤ በመጀመሪያም ሊከፍትልን የሚገባው ለእኛ ለአገሬው ጥንዶች ነው።

ከጎንደር ተነስቶ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት በኩል ደባርቅ የሚያደርሰው መንገድ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚህ መንገድና ከዚያም አልፎ ወደ ስሜን ተራሮች ስንዘልቅ አንድ የሚያስገርም ነገር እናያለን። ገበሬው እጁ ትንሽ ገንዘብ ሲገባለት የቤቱን ሣር አውርዶ ቆርቆሮ ያለብሳል። ሎጅ የሚሠራው ባለሀብት ግን ቆርቆሮ መግዛት እየቻለ ሣር ያለብሳል። ሁለቱም ትክክል ናቸው! ገበሬው ሣር እንደሚያፈስ፣ እሳት እንደሚፈራ፣ በየጊዜው መታደስ እንደሚፈልግ ያውቃል። ባለሀብቱ ደግሞ እንግዳው የሚከፍለው ለሣሩ መሆኑን ያውቃል። ያልተገናኙት እነዚህ ሁለት እውቀቶች ናቸው። ገበሬው የሣር ቤቱ ዋጋ እንዳለው የነገረው ሰው የለም።

ሎጆቹን ለመውቀስ አይደለም። ከ3 ሺህ 2 መቶ ሜትር ከፍታ በላይ በጎጆ አምሳል የተሠራው ስሜን ሎጅ ስሜንን ለብዙ እንግዳ አስተዋውቋል። እ.ኤ.አ. በ2016 የተከፈተው ሊማሊሞ ሎጅም ግድግዳው ከተጠቀጠቀ አፈር ተሠርቶ፣ ከመሥራቾቹ መካከል በዚሁ አካባቢ ቱሪስት ሲያስጎበኙ የኖሩ የአገር ልጆች ያሉበት ሥራ ነው። ይህ የሚያኮራ ነው። ነገር ግን ዋጋው በዶላር የሚጠራ አልጋ የተማሪን ኪስ ይቅርና የጀማሪ መምህርን ደመወዝም አይጠጋውም። ስለዚህ የጎንደር ጥንዶች ስሜንን የሚያውቁት በካላንደር ፎቶ ነው። ሽርሽር ካማራቸውም ኮሶዬ ድረስ ወጥተው ገደሉን አይተው፣ ፎቶ ተነስተው በዚያው ቀን ይመለሳሉ።

ታዲያ ምን ችግር አለው፣ የውጭ ቱሪስት ዶላር ያመጣል አይደል? የሚል አይጠፋም። ያመጣል። ግን ይቀራልም። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና መጣ፣ እንግዳው ቀረ። በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ የሰሜኑ ጦርነት ተነሳ፤ በቀጣዩ ክረምት ውጊያው እስከ ዳባት አካባቢ ደርሶ ሕዝቡን ለከፋ መከራ ዳረገው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ደግሞ በክልላችን ሌላ ግጭት ተከተለ። አስጎብኚው፣ በቅሎ አከራዩ፣ አብሳዩ ሁሉ ሥራ ፈታ። በውጭ እንግዳ ብቻ የቆመ ቤት እንግዳው ሲቀር ባዶ ክፍል ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዲሉ፣ ሩቁን እንግዳ ስንጠብቅ አጠገባችን ያለውን ረሳነው።

የጣሊያኖቹ ነገር እዚህ ላይ ያስተምረናል። እ.ኤ.አ. በ1985 በእርሻ ላይ ስለሚደረግ መስተንግዶ ሕግ አወጡ። ከሕጉ ሁለት ነጥብ ልጥቀስ። አንደኛ፣ እንግዳ የሚያሳድረው ራሱ ገበሬው ነው፤ የሚያሳድረውም በእርሻው ላይ ባለው ነባር ቤት ነው። ሁለተኛ፣ ዋናው ሥራው እርሻ ሆኖ መቀጠል አለበት፤ እንግዳው ድጎማ ነው። ፈረንሳዮችም ከዚያ ቀደም ብለው፣ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ፣ ወጣቱ ወደ ከተማ እየጎረፈ የገጠሩ ቤት ሲፈርስ አሮጌዎቹን ቤቶች አድሰው ለከተሜው ማከራየት ጀመሩ። እነዚህ አገሮች መጀመሪያ ያሰቡት ለራሳቸው ከተሜ ነው። የሁለተኛው ነጥብ ጥበብ ደግሞ ግልጽ ነው፦ እንግዳ በጠፋበት ዓመት ገበሬው ገብሱን ያጭዳል፣ ላሙን ያልባል፣ አይራብም። ከኮሮና ወዲህ በደረሰብን ሁሉ ይህን የመሰለ ዋስትና የነበረው ስንቱ ነው?

"ይህ ለፈረንጅ ነው፣ ለእኛ አይሆንም" እንዳትሉኝ ቅርባችን ያለውን ልንገራችሁ። በሰሜን ወሎ በመቄት ወረዳ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ "ተስፋ" በሚል አሕጽሮት የሚታወቅ የማኅበረሰብ ቱሪዝም ሥራ ተጀምሮ ነበር። የመንደሩ ሰዎች በአካባቢያቸው የቤት አሠራር ጎጆዎች ሠርተው፣ እንግዳውን ራሳቸው ተቀብለው፣ አብስለው፣ ገቢውን ለማኅበራቸው አደረጉት። የመቄት ገበሬ የቻለውን የዳባትና የደባርቅ ገበሬ የማይችልበት ምክንያት አይታየኝም።

እርግጥ ነው፣ መሰናክሎች አሉ፤ እነሱንም ሸፋፍነን ማለፍ የለብንም።

የመጀመሪያው ይሉኝታ ነው። በገጠራችን በመሸበት የሚመጣ ሰው "የእግዚአብሔር እንግዳ" ነው። እግሩ ይታጠባል፣ ያለው ይቀርብለታል፣ መደቡ ይለቀቅለታል። ከዚህ ሰው ሒሳብ መቀበል ነውር ነው። ይህን ባህል ማርከስ አይገባም። ነገር ግን መሽቶበት ደጅ የቆመ መንገደኛ ሌላ ነው፤ ለመዝናናት አስቦ፣ ቀን ቆርጦ፣ ለሁለት የሚሆን ቤት ይዘጋጅልኝ ብሎ የሚመጣ ሌላ ነው። የመጀመሪያው በነጻ ይደር፣ ሁለተኛው ይክፈል።

ሁለተኛው መሰናክል የሚያስቀን ነው፣ ግን እውነት ነው። አንድ ወጣት አንዲት ልጅ ይዞ ገጠር ቤት ቢደርስ የመጀመሪያው ጥያቄ "ምንህ ናት ልጄ?" የሚል ነው። ለዚህ ምን ይመለሳል? እኔ እንደሚመስለኝ የቤቱ ባለቤት ሕግ መከበር አለበት። እማማ አይሆንም ካሉ አይሆንም! ደግሞ ፍቅር ማለት የወጣት ብቻ ያደረገው ማን ነው? ሃያና ሠላሳ ዓመት በትዳር የኖሩ፣ ልጅ ከማሳደግ በቀር አንድ ቀን ለሁለት ብቻቸውን ተቀምጠው የማያውቁ ስንት እናትና አባት አሉን! ለእነሱ ሁለት ቀን በደጋው ላይ ቢሰጣቸው ምን ያህል ያምርባቸዋል።

ሦስተኛው ንጽሕናና ምቾት ነው። ከተሜው ቁንጫ ይፈራል፣ ሽንት ቤት ይፈልጋል፣ የስሜንን የታኅሣሥ ሌሊት ደግሞ ብርድ ልብስ ሳይኖር አይችለውም። ጋጣና መኝታ አንድ ጣሪያ ሥር በሆኑበት ቤት እንግዳ አይታደርም። ስለዚህ ማደስ ያስፈልጋል፦ ግድግዳውን በደንብ መመረግ፣ ከብቶቹን በሌላ በረት መለየት፣ ንጹሕ ሽንት ቤት መቆፈር፣ አልጋና ፍራሽ ማስገባት። ይህ የሎጅ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ግን ገበሬው ከኪሱ ሊያወጣው አይችልም። መጠነኛ ብድርና ትንሽ ሥልጠና ይፈልጋል።

አራተኛው ብዙ ጊዜ የማይነሳው ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር ውኃ የምትቀዳው፣ እንጀራ የምትጋግረው፣ ጠላ የምትጠምቀው እማወራዋ ናት። ገንዘቡ አባወራው ኪስ ገብቶ ድካሙ እሷ ላይ ከቀረ፣ ለእንግዶቹ ፍቅር ተብሎ በቤቱ ውስጥ በደል ተጨመረ ማለት ነው። ሒሳቡ በእሷም እጅ መግባት አለበት።

ለምንድን ነው ይህን ያህል የምከራከረው? ስሜን ላይ ያለ ሰው ስለ ተራራው ሲባል ብዙ ከፍሏል። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፣ በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ገባ፣ በ2017 ወጣ። ከመውጣቱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በፓርኩ ውስጥ የነበረው የግጭ መንደር ነዋሪ ካሳ ተሰጥቶት ወደ ደባርቅ ተዛውሯል። ለዋልያውና ለሣሩ ሲባል አስፈላጊ ነበር የሚለውን እረዳለሁ፤ ግጦሹ ተራራውን ጎድቶት ነበር። ቢሆንም አስቡት፦ ግጭ ዛሬ ድንኳን ተከላ ለሚመጣ እንግዳ የማደሪያ ስም ነው፤ ጎጆ ቀልሰው የኖሩበት ሰዎች ግን እዚያ የሉም። ከፓርኩ ውጭ ባሉት መንደሮች ያለው ገበሬም እንዲሁ ተራራውን ለሌላው እያሳየ እሱ ተመልካች ሆኖ መቅረት የለበትም። በቤቱ ሊያስተናግድ፣ በገዛ ጎጆው ጌታ ሊሆን ይገባዋል።

ከሁሉ በፊት ሰላም ይቅደም፤ መንገዱ ሳይታመን ማንም ፍቅረኛውን ይዞ አይወጣም። ሰላሙ ሲጸና ግን ከባዶ እንዳንነሳ ከአሁኑ ሊታሰብበት ይገባል። የወረዳ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቶች በየቀበሌው ሁለት ሦስት ፈቃደኛ ቤተሰብ መርጠው ቢጀምሩ፣ ዩኒቨርሲቲዎቻችን የቱሪዝምና የግንባታ ተማሪዎቻቸውን ለእድሳቱ ቢያሰማሩ ብዙ ነው። እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎችም ድርሻ አለን። ስለ ገጠር ስንጽፍ ድርቅና እርዳታ ብቻ ከጻፍን፣ የከተማው ልጅ ገጠርን የሚሸሹት እንጂ የሚናፍቁት ቦታ አድርጎ አያየውም።

ነገ ሁላችንም ጎጆ እንወጣለን። ያን ጊዜ ለጫጉላችን ሩቅ አገር ከማሰባችን በፊት፣ ቃሉን የሰጠንን ቤት አንድ ጊዜ ዞር ብለን እንየው። ባለቤቱ በሩን ከከፈተልን፣ እኛም የድካሙን ከከፈልነው፣ ሁለታችንም ጎጆ ወጣን ማለት ነው።

ቸር ይግጠመን!