የአድራሻው አባት ማን ነው?

ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ አነስተኛ የአስጎብኚ ቢሮ ያለው አንድ ዘመዴ ከኢሜይል አቅራቢው የመጣ የሚመስል መልእክት ደረሰው። «ሳጥንዎ ሞልቷል፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ካላረጋገጡ ይዘጋል» ይላል። ደንግጦ የምስጢር ቃሉን ጻፈ። ከሳምንት በኋላ ሌባው በእርሱ ስም «የባንክ ሒሳባችን ተቀይሯል» ብሎ ለደንበኞቹ ጻፈላቸው፤ አንድ ቤተሰብም ቀብዱን ላከ።

«የቋንቋ ስሕተት ፈልጉ» የሚለው የተለመደ ምክር ለእኛ አይበጅም ባይ ነኝ። እንግሊዝኛ የተማርነው ቋንቋ ነው፤ ዛሬ ደግሞ አጭበርባሪው እንከን የለሽ ደብዳቤ በማሽን ያስጽፋል። የላኪው ስምም አያስተማምንም። ጆናታን ፖስቴል በ1982 እ.ኤ.አ. የጻፉት የኢሜይል መላኪያ ደንብ ላኪው ማንነቱን እንዲያረጋግጥ አይጠይቅም ነበር፤ በፖስታ ጀርባ ላይ የፈለጉትን ስም እንደመጻፍ ነው። ኋላ የተጨመሩት ማጣሪያዎች ብዙውን እንጂ ሁሉንም አይዙም።

መነበብ ያለበት የምስጢር ቃል የሚጠይቀው ገጽ አድራሻ ነው። ውጭ አገር ስማር በአያቴ ስም ይጠሩኝ ነበር፤ ያኔ ይከነክነኝ የነበረው ልማድ እዚህ ላይ ረዳኝ። የድረ ገጽ አድራሻ እንደ ስማችን ከልጅ ወደ አባት፣ ከአባት ወደ አያት ይሄዳል። ከድርቡ እዝባር ቀጥሎ ከሚመጣው ነጠላ እዝባር በፊት ያለው የመጨረሻ ቃል አያት ነው፤ ከእርሱ በስተግራ፣ ከነጥቡ ወዲያ ያለው አባት። (በእኛው «ኮም ነጥብ ኢቲ» ግን አያትም ቅድመ አያትም ስላሉ አባትን ከዚያ በፊት ፈልጉ።) የቀረው የልጅ ስም ነው፤ ለልጅ ደግሞ ማንም የፈለገውን ስም ያወጣለታል።

በ2016 እ.ኤ.አ. የሂላሪ ክሊንተን የምርጫ ዘመቻ ሊቀ መንበር ጆን ፖዴስታ ከጎግል የመጣ በሚመስል መልእክት ተታለሉ። በአጭር ሊንክ የተሸፈነው አድራሻ «ጎግል» የሚለውን ቃል ይዞ ነበር፤ ግን በልጅ ቦታ። አያቱ የቶከላው ደሴቶች ምልክት የሆነው «ቲኬ» ነበር።

ወደ እኛም እንምጣ። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲትዝን ላብ በዲሴምበር 2017 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት፣ በውጭ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ተቃዋሚዎች የተላኩ ኢሜይሎች ኢስትአፍሮ የተባለውን የኤርትራ ቪዲዮ ገጽ አስመስሎ ወደተሠራ ገጽ ይመሩ እንደነበር ገልጿል። የእውነተኛው አያት «ኮም»፣ የሐሰተኛው «ኔት»። ገጹም ፍላሽ ማጫወቻ አድሱ እያለ ሰላይ ፕሮግራም ያስጭን ነበር።

በመምህራን ክፍላችን «ሞኝ ነው የሚታለል» ሲባል እሰማለሁ። አልስማማም፤ ማን አስተማረው? ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች አሐድ መለወጥን ሳምንታት ሙሉ እናስተምራለን፤ አድራሻ ለማንበብ አንድ ክፍለ ጊዜ ይበቃ ነበር።

እንግዶቹ መጡ። ዘመዴም የተሰረቀውን ቀብድ በራሱ ኪሳራ ችሎ ወደ ባሌ ተራሮች ይዟቸው ሄደ።